ለጋሼ እጆች የሚሆን ሦስት እግር

ተረት ልንገራችሁ? «የላም በረት» በሉኛ! የዛሬው በረት የበግ ነው፤ ግድ የለም፣ እናንተ ብቻ «እህ» እያላችሁ ስሙኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ እታፈራሁ የምትባል መምህር ነበረች። የምታስተምረው መስማት የተሳናቸውን ልጆች ነው። ኮሌጅ ገብታ የምልክት ቋንቋ ተምራለች፤ በእጅ ማውራትን የጀመረችው ግን ገና ጥርሷን ስትነቅል፣ ከአባቷ ታላቅ ወንድም ከጋሽ ይመኑ ጋር ነው። ጋሽ ይመኑ ከተወለዱ ጀምሮ ድምፅ ሰምተው አያውቁም። ትምህርት ቤት የሚባል ደጅም አልረገጡም። እናታቸውና እህቶቻቸው ግን ዝም ብለው አልተዋቸውም፤ እሳት ዳር ተቀምጠው፣ እርሻ ውለው፣ የራሳቸውን የእጅ ወሬ አብረው ፈጠሩ። ለዝናብ ምልክት አላቸው፣ ለጅብ አላቸው፣ ለሐሜት እንኳ ሁለት አላቸው፤ አንዱ ለቀላሉ፣ አንዱ ለከባዱ።

እናትየው ሞቱ። እህቶቹም ሚስታቸውም ተራ በተራ ሄዱ። ያንን ወሬ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩ፤ ሰማንያ አንድ ዓመት የሆናቸው ጋሼና እታፈራሁ።

በዚያ ላይ የጋሼ ዓይን እየደከመ መጣ። ሐኪሙ አይቷቸው፣ «ሞራ ቢሆን በገፈፍነው ነበር፤ ይሄ ግን የነርቭ ነው፣ አይመለስም» አላት። አሁን የሚያዩት በቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ብቻ ነው። መስማት ለማይችል ሰው ዓይን ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

እና እታፈራሁ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገች። የጋሼ ዓይን ሳይዘጋ፣ የጋሼን እጆች በቪዲዮ መቅረጽ።

የትምህርት ቤቱን ካሜራ ለምና ወሰደች። መኪና ከሚቆምበት ሦስት ሰዓት በእግር ወጥታ አፋፉ ላይ ያለችው መንደር ደረሰች። ጋሼን ለመጠየቅ ግን ሁለት እጅ ያስፈልጋል! ካሜራውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ብታወራቸው ኮልታፋ ሆነችባቸው። «ምን ሆነሽ ነው? እጅሽን ምን ነካው?» አሏት። ቤቷ ተመልሳ ቪዲዮውን ብታየው ዓለም ሁሉ ይንቀጠቀጣል። የጋሼ እጆች ከምስሉ ወጥተው ጥርሳቸው ብቻ ቀርቷል።

«ሦስት እግር ያስፈልገኛል» አለች። ካሜራ የሚያቆም፣ ተሸክመውት አቀበት የሚወጡት፣ ነፋስ የማይጥለው ሦስት እግር።

መጀመሪያ ገበያ ሄዳ አንድ አየች። ሸምበቆ ነው የሚያህለው፣ በሁለት ጣት ይነሳል። ደስ አላት። ሱቁ ደጃፍ ላይ ዘርግታ ካሜራውን አሰረችበት። የኅዳር ነፋስ መጣ። ሦስቱም እግር እንደ ተኮነነ ሰው ተንቀጠቀጠ። ካሜራው የታሰረበትን ጭንቅላቱን ልታዞረው ስትሞክር ደግሞ ምስሉ ስቅ ስቅ አለ። መለሰችው።

ቀጥላ ጋሽ አጥላባቸው ፎቶ ቤት ሄደች። ጋሽ አጥላባቸው የከተማውን ሠርግ ሁሉ ሲቀርጹ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የሠርጉን ሦስት እግር አወጡላት። እሱስ ግንብ ነው፤ ጎርፍ ቢመጣ አይነቃነቅም። ትከሻዋ ላይ ብታደርገው ግን ጉልበቷ ተሰበረ።

«ጋሽ አጥላባቸው፣ ይሄን ተሸክሜ ያን አቀበት ከወጣሁ፣ የሚቀረጸው የእኔ ቀብር ነው» አለች።

ሽማግሌው ሳቁ። ከመደርደሪያው ጀርባ አቧራ የጠጣ ረጅም ቦርሳ ጎትተው አወጡ። «ይሄን ለመንገዴ ብዬ የገዛሁት ነው። ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ተቀምጧል» አሉ።

ውስጡ ያለው ሦስት እግር ሲታጠፍ ክንድ ያህላል። ሲዘረጋ ቁመቷን ያክላል። እግሮቹ ጠመዝመዝ ሲያደርጓቸው ይረዝማሉ፣ መልሰው ሲጠመዝዟቸው ጥርቅም ይላሉ፤ አንዱን አሳጥሮ ሁለቱን አስረዝሞ ተዳፋት ላይ ማቆም ይቻላል። ከሥሩ መንጠቆ አለው፤ ነፋስ ከበረታ ድንጋይ የሞላ ከረጢት ይሰቀልበታል። እታፈራሁ ጭንቅላቱን ገፋ አደረገችው፤ ቅቤ እንደጠጣ ቀስ ብሎ ዞረ። አነሳችው። ከእሱ የገና ጠቦት እንኳ ይከብዳል።

«ይሄ ነው! ይሄን ያውሱኝ!»

«አውስሽ ነበር ልጄ። ግን ካሜራውን ከጭንቅላቱ ጋር የሚያስረው ብሎን ጠፍቷል።»

«በገመድ አስረዋለሁ።»

«በገመድ! ካሜራው ገደል ሲገባ ልጠየቅልሽ? ብሎን ይዘሽ ነይ፣ ሦስት እግሩን ይዘሽ ሂጂ።»

ብሎን ከሌለ ሦስት እግር የለም፤ ሦስት እግር ከሌለ የጋሼ ወሬ ይቀራል።

እታፈራሁ ወደ ቶርኖ ቤት ሮጠች። የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ጌጡ ይባላል፤ ብረት እንደ ሊጥ የሚያዞር ሰው ነው።

«ወንድም ጌጡ፣ ብሎን አውጣልኝ» አለችው። «ብሎን ከሌለ ሦስት እግር የለም፤ ሦስት እግር ከሌለ የጋሼ ወሬ ይቀራል።»

ጌጡ ከካሜራው ሥር ያለውን የብሎን ቀዳዳ ጥርስ በጥፍሩ ለካ። «ቀጭን ጥርስ ነው። እንዲህ ያለውን የምታወጣ የእኔዋ አሮጊት ብቻ ናት» ብሎ ማሽኑን መታ መታ አደረገ። «ግን እያት፣ ቆማለች። የሚያዞራት ቀበቶ፣ ቺንጋዋ፣ ተበጥሷል። የቆዳ ቺንጋ ካልሰፉላት አትዞርም። አባባ ሞላልኝን ጠይቂልኝ፤ እኔን አኩርፈውኛል።»

«ለምን አኮረፉህ?»

«ቺንጋውን ቶሎ ቶሎ ትበጥሳለህ ብለው።»

አባባ ሞላልኝ ቆዳ ሰፊ ናቸው። ፀሐይ የማይደርስበት ግንብ ሥር ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ቀብረው አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ቺንጋ ይስፉልኝ» አለች። «ቺንጋ ከሌለ ብሎን የለም፤ ብሎን ከሌለ ሦስት እግር የለም፤ ሦስት እግር ከሌለ የጋሼ ወሬ ይቀራል።»

«ያ ጌጡ ነው የላከሽ?»

«እሱም ልኮኛል፤ የላከኝ ግን ጋሼ ናቸው ቢባል ይሻላል» አለችና ስለ ጋሼ ዓይን ነገረቻቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ከብብታቸው አውጥተው አሳዩአት። ጣቶቻቸው ደርቀዋል፣ መርፌ ሦስት ቦታ ወግቷቸዋል። «ልቤስ ይሰፋልሽ ነበር። ጣቶቼ ግን በዚህ ውርጭ የእኔ አይደሉም። ጓንቴን አይጥ በላው።»

«ከገበያ ልግዛልዎት?»

«የናይለኑ ከመርፌ ጋር ይንሸራተታል። ጫፉ ክፍት የሆነ የሱፍ ጓንት ነው የሚሆነኝ። የእትዬ ዘነቡ ሥራ።»

እትዬ ዘነቡ ቤት ገባች። እትዬ ዘነቡ ሹራብ ሠሪ ናቸው፤ እያወሩም ይሠራሉ፣ እየበሉም ይሠራሉ፣ «እያንቀላፉም ይሠራሉ» ብሎ የሚምል ጎረቤት አላቸው።

«እትዬ፣ ጓንት ይሥሩልኝ» አለች። «ጓንት ከሌለ ቺንጋ የለም፤ ቺንጋ ከሌለ ብሎን የለም፤ ብሎን ከሌለ ሦስት እግር የለም፤ ሦስት እግር ከሌለ የጋሼ ወሬ ይቀራል።»

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ጓንቱን የሚለብሰው ሦስት እግሩ ነው?»

«አይደለም እትዬ፤ አባባ ሞላልኝ ናቸው።»

«እሱማ ባለ ሁለት እግር ነው! ለእሱ አንድ ምሽት ይበቃኛል። ግን ሱፍ አልቆብኛል፤ ይኸው እንዝርቴ ራቁቱን ቆሟል። እኔ የምፈትለው የወይዘሮ አስካለን ሙክት ሱፍ ነው። የሌላው በግ ያሳክካል፤ ሞላልኝ ደግሞ ካሳከከው ጓንቱን ወርውሮ ነው የሚመልስልኝ።»

ወይዘሮ አስካለ የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ ሜዳው ከሚጀምርበት ነው። እታፈራሁ እስክትደርስ ጫማዋ አቧራ፣ ጉሮሮዋ ደረቅ ሆነ። ወይዘሮ አስካለ ከበረቱ በር ላይ መቀስ ይዘው ቆመዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«እመቤት፣ ሱፍ ይስጡኝ» አለች እታፈራሁ። «ሱፍ ከሌለ ጓንት የለም፤ ጓንት ከሌለ ቺንጋ የለም፤ ቺንጋ ከሌለ ብሎን የለም፤ ብሎን ከሌለ ሦስት እግር የለም፤ ሦስት እግር ከሌለ የጋሼ ወሬ ይቀራል።»

«ሱፉማ ያው!» አሉ ወይዘሮ አስካለ ወደ በረቱ እየጠቆሙ። «በአራት እግሩ ቆሞልሻል። ግን ማን ያስነካኛል?»

እታፈራሁ አጎንብሳ አየች። ጥግ ላይ ሱፉ መሬት ሊነካ የደረሰ ጥቁር ሙክት አለ። አንገቱ ላይ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ተጠምጥማለች። እናቷን የምታየው እንደ ሌባ ነው።

«ልጄ ውቢት ናት» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «አትሰማም። ያለ እሷ ደግሞ ሙክቱ ለሰው አይቆምም፤ እሷ ስትይዘው ብቻ ነው ጸጥ የሚለው። ባለፈው ፋሲካ ወንድሙን ስናርድ ቢላዋውን አይታ ነበር። ይሄው ከትናንት ጀምሮ መቀስ ባየች ቁጥር እላዩ ላይ ትጠመጠማለች። ሌሊቱንም እዚሁ ካላደርኩ ብላ ነበር።» መቀሱን ዝቅ አደረጉት። «ልሸልተው ነው እንጂ ላርደው አይደለም። እናቷ ነኝ፤ እናት ይሄን መናገር ያቅታታል? አቃተኝ። ‹አይታረድም› የምትል አንዲት ቃል አጣሁላት።»

እና እታፈራሁ እዚያው ቆማ፣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው፣ ጠቅላላውን አለችው። ውቢት ካልገባት ሙክቱ አይያዝም፤ ሙክቱ ካልተያዘ ሱፍ የለም፤ ሱፍ ከሌለ ጓንት የለም፤ ጓንት ከሌለ ቺንጋ የለም፤ ቺንጋ ከሌለ ብሎን የለም፤ ብሎን ከሌለ ሦስት እግር የለም፤ ሦስት እግር ከሌለ የጋሼ ወሬ ይቀራል።

ገብታ ልጅቷ ፊት ጭቃው ላይ ተቀመጠች። በትምህርት ቤቱ ምልክት፣ «በግሽ አይሞትም» አለቻት። ውቢት ዓይኗን አፍጥጣ አየቻት፤ ምንም አልገባትም። ትምህርት ቤት ያልገባች ልጅ የትምህርት ቤቱን ቃል ከየት ታመጣዋለች? እታፈራሁ ደገመችው። ልጅቷ ሙክቱን ይበልጥ አጥብቃ አቀፈችው።

ያን ጊዜ የእታፈራሁ እጆች ሳታዛቸው ወደ ጋሼ ወሬ ሄዱ። ሁለት ጣቶቿን ጆሮዋ አጠገብ እንደ ቀንድ ጠመዘዘች። በግ። የውቢት ቅንድብ ተነሳ። እታፈራሁ ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ አሳለፈች፤ ልጅቷ ደነገጠች። ወዲያው መዳፏን በመዳፏ ጠርጋ ወደ ሜዳው በተነችው፤ በጋሼ ቤት «የለም፣ ነፋስ ወሰደው» ማለት ነው። በግ፤ ማረድ፤ ነፋስ ወሰደው።

ልጅቷ አላመነችም። ወደ መቀሱ ጠቆመች።

እታፈራሁ መቀሱን ከወይዘሮ አስካለ ተቀበለች። ሻሿን ፈታች፣ ከራሷ ፀጉር አንድ ዘለላ ያዘች፣ ቀጭ! አድርጋ ቆረጠች። ወይዘሮ አስካለ «ኧረ በስመ አብ!» አሉ። እታፈራሁ ፈገግ ብላ አንገቷን አሳየች፤ ደም የለም። ከዚያ ጣቶቿን ከሌላው መዳፏ ላይ ቀስ አድርጋ ወደ ላይ አወጣች፤ ሣር ሲበቅል። መልሶ ይበቅላል።

ውቢት የተቆረጠውን ዘለላ ተቀብላ አሸተተች። መቀሱን ጠየቀች። እናቷ «እንዳትጎዳ!» ብለው ሊነጥቁ ሲሉ እታፈራሁ ያዘቻቸው። ልጅቷ የሹሩባዋን ጫፍ ቆረጠች፣ አንገቷን ዳሰሰች፣ እናቷን አየች። ከዚያ ጣቶቿን ከመዳፏ ላይ ቀስ አድርጋ ወደ ላይ አወጣች።

መልሶ ይበቅላል።

ወይዘሮ አስካለ በረቱ ውስጥ ተንበረከኩ። በማያውቁ እጆቻቸው፣ በተሳሳተ ጣት፣ እሳቸውም ሣሩን አበቀሉት። ልጅቷ ሳቀችና ጣታቸውን አስተካከለችላቸው።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቆመዋል! ለውቢት ገባት፣ ሙክቱን ያዘች። ሙክቱ ቆመ፣ ሱፉ ተሸለተ። ሱፉ ተፈተለ፣ እትዬ ዘነቡ ጓንት ሠሩ። አባባ ሞላልኝ ጓንት አጠለቁ፣ ቺንጋ ሰፉ፤ ለጌጡ ሲሰጡትም ኩርፊያቸውን አነሱለት። ቺንጋው ገባ፣ አሮጊቷ ማሽን ዞረች። ማሽኗ ዞረች፣ ብሎን ወጣ። ብሎኑ ገባ፣ ሦስት እግሩ ካሜራ ያዘ። ጋሽ አጥላባቸውም አቧራውን በገዛ ሻርፓቸው ጠርገው፣ «ሂጂ፣ ልጄ» አሉ።

እታፈራሁ ብቻዋን አልሄደችም። ወይዘሮ አስካለ፣ «እነዚያን ቃሎች ያወጣውን ሰው ማየት አለብኝ» ብለው ከነውቢት ተከተሏት። በጠዋት ወጡ። ሦስት እግሩ ጀርባዋ ላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ ረስቼው መጣሁ እንዴ ብላ ዞራ ዳሰሰችው።

ቀትር ላይ ደረሱ። እታፈራሁ ጋሼን ከነመቀመጫቸው ፀሐይ ላይ አወጣቻቸው። ተዳፋቱ ላይ አንዱን እግር አሳጠረች፣ ሁለቱን አስረዘመች፣ ከሥሩ ድንጋይ የሞላ ከረጢት ሰቀለች። ነፋሱ መጣ፣ ቀሚሷን አውለበለበ፣ ካሜራው ንቅንቅ አላለም። ሁለቱም እጆቿ ባዶ ሆኑ።

ጋሼ ግን ካሜራውን በጎሪጥ አዩና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ለዚህ ለሦስት እግር ነው የማወራው? ይመልስልኛል?» አሏት።

እታፈራሁ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ያን ያህል መንገድ፣ ያን ያህል ሰው፣ ጋሼ ደግሞ እንቢ ሊሉ ነው። ፀሐይዋ እንደሆን አትጠብቅም።

ይህን ጊዜ ውቢት ከእናቷ ቀሚስ ሥር ወጣች። ወደ ሽማግሌው ፊት ቀረበች፤ ሁለት ጣቶቿን ጆሮዋ አጠገብ ጠመዘዘች፣ ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ አሳለፈች፣ መዳፏን ጠርጋ ወደ ገደሉ በተነችው። በግ፤ ማረድ፤ ነፋስ ወሰደው።

ጋሼ ወደ ፊት አጎነበሱ። ዓይናቸውን አጨንቁረው ትንንሾቹን ጣቶች አዩ። ታናሽ እህታቸው ከሞተች ወዲህ ያንን ምልክት ከእታፈራሁ በቀር በሌላ ሰው እጅ ላይ አይተውት አያውቁም! የልጅቷን እጆች ያዙ፣ ጉንጫቸው ላይ አደረጉ፣ መልሰው ለቀቁላት። ከዚያ ልጅቷ እንድትከተላቸው በፊታቸውም በገላቸውም እያስመሰሉ ማውራት ጀመሩ።

ምን አወሩላት መሰላችሁ? ልጅ ሳሉ ሰው ሁሉ አፉን ሲያንቀሳቅስ እህል የሚያላምጥ ይመስላቸው እንደነበር አወሩላት። «ቀኑን ሙሉ ይበላሉ፤ ለእኔ ብቻ አያካፍሉኝም ብዬ አለቅስ ነበር» አሏት። ውቢት በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ እሷም እንደዚያ ይመስላት ነበርና። ጅብ በረት ስለገባበት ሌሊት አወሩላት። ሚስታቸውን እንዴት እንደለመኑ፣ እሷም «እሺ» ለማለት አንድ ወር ምልክቱን ስትለማመድ እንደቆየች አወሩላት። እታፈራሁ በሁለት እጇ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ ካሜራው ቀጥ ብሎ ያያል። ወይዘሮ አስካለ ከዳር ተቀምጠው በጣቶቻቸው ይለማመዳሉ።

ሲጨርሱ እታፈራሁ ቪዲዮውን ከፍታ ካሜራውን ዓይናቸው ሥር አደረገችላቸው። አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ቀረቡ። አንድ ሽማግሌ እጁን ሲያወናጭፍ አዩ። ሰማንያ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያወሩ የኖሩ ሰው፣ ወሬያቸው ለሰው ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አይተው አያውቁም ነበር።

ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ለእታፈራሁ፣ «እኔ ነኝ?» አሏት።

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

«ያምራል» አሉ። ወዲያው ደግሞ ቅንድባቸውን ቋጠሩ። «የጅቡ ላይ ግን አሳጥሬባታለሁ። ፀሐይዋ አለች፤ ሦስት እግሩን አቁሚው፣ ደግሜ ልንገራት።»

እታፈራሁ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ ሦስቱን እግር ደግማ ዘረጋች፣ ጠመዘዘች፣ ጥርቅም አደረገች። ጋሼም እጃቸውን አነሱ።

የእኔ ተረት እዚህ ላይ አበቃ፤ ዳቦ ያለው ይቁረስልኝ።